የአደራ ዕቃ በዜሮ ዋጋ

ባለፈው ዓመት ኅዳር ፲፬ ቀን ረፋድ ላይ፣ ሞጣ ከተማ ውስጥ፣ የሐጂ ኢድሪስ መጋዘን ታሸገ። ምክንያቱ በወረቀት ተጽፎ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ነጋዴው ፈቃድ ሳይኖራቸው ጤፍና ማር ነግደዋል፣ የሸጡበትንም ዋጋ ደብቀዋል ይላል። ሁለቱም ሐሰት ነው። ሐጂ ኢድሪስ በዕድሜያቸው አንድ ቁና ጤፍ ሸጠው አያውቁም። እንደሸጡ አድርጎ የመዘገበው ከአዲስ አበባ ተገዝቶ የመጣ የሂሳብ ሶፍትዌር ነው፤ በዚያ መንገድ እንዲሞላ ያዘዘው ግን ሰው ነው። በዚህ ዓመት በጥር ወር ሐጂ ወደ አኼራ ሄዱ። ይህን በምጽፍበት ቀን መጋዘኑ አሁንም እንደታሸገ ነው።

ሶፍትዌሩን የሸጠውን ድርጅት ስም አልጽፍም። ድርጅቱ ራሱን ያውቃል፤ ደብዳቤዎቼም ደርሰውታል። ከእርሱ የምፈልገውን በመጨረሻ እናገራለሁ። ከዚያ በፊት አንባቢ ሐጂ ኢድሪስ ማን እንደነበሩ ማወቅ አለበት፤ አለዚያ የጠፋው ነገር አንድ የተዘጋ ሱቅ ብቻ ይመስለዋል።

የተወለድሁት ቢቸና ነው። አባቴ መምህር ስለነበሩ ወደ ሞጣ ተዛወሩ፤ የተከራየነው ቤትም ከሐጂ ሱቅ ፊት ለፊት ነበር። ሐጂ ጨው፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና አቡጀዴ ይሸጡ ነበር። ከሱቁ ጀርባ ሰፊ መጋዘን ነበራቸው። የመጋዘኑ አንደኛው ወገን የራሳቸው ሸቀጥ ማስቀመጫ ነው፤ ሌላው ወገን የአደራ ነው። ከገጠር የመጣ ገበሬ ጤፉ ሳይሸጥለት ከመሸ፣ ጭኖ ተመልሶ አቀበቱን ከሚወጣ ሐጂ ዘንድ ያስቀምጥና በሚቀጥለው ገበያ መጥቶ ይወስዳል። ለልጁ ሠርግ ከወዲሁ የሚያከማች አለ፤ ማሩን ዋጋ እስኪያወጣ የሚያቆይ አለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያስቀምጥ ነበር። ሐጂ ለዚህ ምንም አያስከፍሉም። ደንባቸው አንድ ብቻ ነበር፤ የጆንያውን አፍ ባለቤቱ ራሱ ያስራል፣ ያንን ቋጠሮ የሚፈታውም ያሰረው ሰው ብቻ ነው። እርሳቸው አይፈቱም፣ ውስጡን አይጠይቁም፣ አይመዝኑም።

አንድ ቀን በልጅነቴ ከእነዚያ ጆንያዎች በአንዱ ላይ ወጥቼ ተቀመጥሁ። ሐጂ በብብቴ ይዘው አንሥተው መሬት አቆሙኝ።

«ተነሽ፣ የመምህር ልጅ። የሰው ነው።»

«ጆንያ እኮ ነው፣ ሐጂ።»

«ጆንያው አይሰማው ይሆናል። እኔን ይሰማኛል።»

«የሰው ነው» የሁልጊዜ ቃላቸው ነበር። ይህን ሲሉ የቀኝ መዳፋቸውን ዘርግተው በቀስታ ወደ ታች ይጫኑት ነበር፤ የሚነሣ ነገር አፍነው የሚያስተኙ ያህል። ቁጡ አልነበሩም። እንዲያውም ቀልድ ይወዱ ነበር። በአንድ የሁዳዴ ጾም መግቢያ አንዲት የገጠር ሴት አንድ ቅል ቅቤ አቅፋ መጣች።

«ሐጂ፣ እባክዎ እስከ ፋሲካ ይቆይልኝ። ቤቴ ካስቀመጥሁት እነዚያ ልጆች አያስጾሙኝም።»

«አምጭው» አሉ ሐጂ፣ ቅሉን እየተቀበሉ። «እኔ ዘንድ ከመጣ ቅቤውም ይጾማል።»

ሴትዮዋ በሳቅ ፈረሰች። ቅቤው ግን በእርግጥም እስከ ፋሲካ ድረስ ከቀዝቃዛው ግድግዳ ሥር፣ እርጥብ ጨርቅ እየተለወጠለት፣ ሳይነካ ቆየ። ጨርቁን የሚለውጡት ሐጂ ራሳቸው ነበሩ።

እኔ አደግሁ፤ ሂሳብ አያያዝ ተማርሁ፤ በትምህርቱ እስከ ሦስተኛው ዲግሪ ሄድሁ፤ አስተማርሁ። ዛሬ የምኖረው ቢቸና ነው። ለምን እንደተመለስሁ ለዚህ ጽሑፍ አይጠቅምም።

የሐጂ ልጅ ዘይነባ የደወለችልኝ እዚያ ሆኜ ነው። ዘይነባ የአባቷን ሱቅ ሂሳብ የምትይዝ፣ ጠንቃቃና ጥቂት የምትናገር ሴት ናት። የአባቷ የግብር ደረጃ ከፍ ስላለ ከእንግዲህ ግዢና ሽያጫቸውን፣ መጋዘን ውስጥ ያለውንም ዕቃ በሥርዓት መዝግበው እንዲያሳዩ ታዘዋል። ሦስት ዓይነት ሶፍትዌር ቀርቦላቸዋል። «እኔ አልቻልሁም፤ ሁሉም የኔ ይሻላል ይላል። መጥተሽ ምረጭልን» አለችኝ። ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ በደብረ ወርቅና በግንደወይን አልፌ፣ ሞጣ ደረስሁ።

ለትንሽ ንግድ ሶፍትዌር ሲመረጥ መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች ብዙ አይደሉም። የሚሠራበት ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ነው? በእኛ የቀን አቆጣጠር፣ በሐምሌ የሚጀምረውን የግብር ዓመት ይከተላል? መስመር በሚጠፋበት ከተማ ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ሲበላሽ የሚጠየቅ ሰው አለው? እነዚህን ይዤ ተቀመጥሁ። ሐጂም በርጩማቸውን ስበው ከጎኔ ተቀመጡ። ዕቃ ሲገዙም እንዲሁ ነበሩ፤ ሻጩን ፊት ለፊት ማየት ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያው በኢንተርኔት የሚሠራ ነበር። ሻጩ ላፕቶፑን ከፈተ፤ መስመሩ ወዲያው ሄደ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ ነገር ትዞር ጀመር።

«ይህች የምትዞረው ምንድን ናት?» አሉ ሐጂ።

«ኔትወርክ እየፈለገች ነው።»

«እኛም እየፈለግነው ነው። ቀድማ ካገኘችው ትንገረን።»

ሁለተኛው በፍላሽ ተገልብጦ የሚሸጥ ነበር። ርካሽ ነው፤ ይሠራልም። ግን ባለቤት የለውም። አንድ ቀን ቢሳሳት በሩ የሚንኳኳበት ሰው የለም። ስለዚህ ጣልሁት።

ሦስተኛው በአማርኛ ነው፤ በእኛ የቀን አቆጣጠር ይሄዳል፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ድርጅቱ አዲስ አበባ ቢሮ አለው፣ ስልክ አለው፣ ማኅተም አለው። የላኩት ወጣትም ትሑት ነበር፤ የተጠየቀውን ሁሉ እየከፈተ አሳየ። ሐጂ እስከ መጨረሻው አዳመጡት፤ ከዚያ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አደረጉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቤቴ ውስጥ ያለ፣ የኔ ያልሆነ ዕቃ የትኛው ቦታ ነው የሚገባው?»

«እንዴት የእርስዎ አይሆንም፣ ሐጂ? ቤትዎ ካለ የእርስዎ ነው።»

«እሱማ አንተም አሁን ቤቴ ውስጥ ነህ። ልመዝግብህ?»

ዘይነባ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ወጣቱም ሳቀ፤ ጥያቄውን ግን አልመለሰም። «እሱን ቢሮ ጠይቄ አሳውቃችኋለሁ» አለ።

እርሱ ከወጣ በኋላ የሙያዬን መልስ ሰጠሁ።

«ሐጂ፣ አደራው የእርስዎ ሀብት አይደለም። ስለዚህ በእርስዎ ሂሳብ ውስጥ አይገባም። ጭራሽ አያስገቡት። ቢቻል በግድግዳ ይከለል።»

«መንግሥት መጋዘንህ ምን ይዟል ሲለኝ ግማሹን ልሸሽገው?»

«መሸሸግ አይደለም። የሌላ ሰው ነው።»

«እሱንማ አንችና እኔ እናውቃለን። በሩን ከፍቶ የሚገባው ሰው ግን የሚያየው ጆንያ ነው። ይህ ከየት መጣ ሲለኝ አላስመዘገብሁትም ልል ነው? አደራ በጓሮ አይቀመጥም፣ ልጄ። አደራ ሰው እያየው ነው የሚቀመጥ።»

ከዚህ ማንቀሳቀስ አልተቻለም። በመጨረሻ ዘይነባ ድርጅቱን ትጠይቅ፣ ሶፍትዌሩን የሠራው የሚለውን ታድርግ ብለን ተለያየን። ይህ ምክንያታዊ ውሳኔ ነበር። ሦስተኛውን የመረጥነው የሚጠየቅ ባለቤት ስላለው ነበርና።

ዘይነባ ደወለች። ያው ወጣት አነሣ። የነገራትን እርሷ ቃል በቃል ታስታውሰዋለች፤ «አደራው ሲገባ ግዢ በሉና ዋጋው ላይ ዜሮ ሙሉ፤ ባለቤቱ ሲወስደው ሽያጭ በሉና ዜሮ ሙሉ። ሌላ መውጫ የለውም፤ ግን ችግር የለውም፣ ዜሮ ዜሮ ነው።» ንግግሩ በስልክ ነበር። በጽሑፍ የቀረ ነገር የለም። ዘይነባ ለእኔ ደውላ አላረጋገጠችም፤ የማረጋገጥ ግዴታም አልነበረባትም። ዕቃውን የሸጠላት ሰው እንዴት እንደሚሠራበት ነግሯታል።

ቀጥሎ የመጣው ዓመት ሐጂ ደስ ብሏቸው የኖሩበት ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። አንድ ገበሬ ቋጠሮውን ፈትቶ፣ አይቶ፣ መልሶ አስሮ አህያው ላይ ሲጭን፣ ሐጂ ከደጅ ሆነው ወደ ውስጥ ይጣራሉ።

«ዘይነባ፣ ወጣ?»

«ወጣ፣ አባ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ለእርሳቸው ያ ማሽን ምስክር ነበር። ከዚያ በፊት አደራ መመለሳቸውን የሚያውቁት እርሳቸው፣ ባለቤቱና አላህ ነበሩ፤ አሁን አራተኛ አገኙ። በስክሪኑ ላይ ግን የሚጻፈው እርሳቸው የሚያስቡት አልነበረም። የሚጻፈው «ጤፍ፣ ሽያጭ፣ ዋጋ ዜሮ» ነበር። በእያንዳንዱ የገበያ ቀን፣ በእያንዳንዱ ጆንያ ልክ፣ ያው ቃል ተደገመ።

የግብር ተቆጣጣሪው የመጣ ዕለት እኔ አልነበርሁም። ዘይነባ እንደነገረችኝ ሰውየው ክፉ አልነበረም። ከሶፍትዌሩ የታተመውን ወረቀት እያገላበጠ ግራ ገባው።

«ሐጂ፣ እርስዎ ጤፍ በነጻ ነው የሚሸጡት?»

«ጤፍ አልሸጥሁም።»

«እዚህ ሸጡ ይላል። ማርም ሸጠዋል። ሁሉም በዜሮ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«የእርስዎ ማሽን ነዋ!»

«እንግዲያው እርሱም እንደኔ ይማልና እንተማመን።»

ሰውየው ለአፍታ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፊቱን መለሰ። እውነቱን ለመናገር በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንን ወረቀት እንደ እርሱ ነበር የማነበው። በዜሮ የሚሸጥ ነጋዴ የለም። ዜሮ የተጻፈበት ሽያጭ ማለት ዋጋው የተደበቀ ሽያጭ ማለት ነው፤ ተማሪዎቼን ያስተማርኋቸውም ይህንኑ ነው። ደግሞም ጤፍ የመነገድ ፈቃድ የላቸውም። ምርመራው እስኪያልቅ መጋዘኑ ታሸገ፤ በውስጡም የሰዎች አደራ ሁሉ ታሸገ።

ሐጂ ስለ ራሳቸው ሸቀጥ አንድ ቀን እንኳ አላነሡም። ስኳሩም ዘይቱም እዚያው ውስጥ ነበር። እርሳቸው የሚያወሩት ስለ አደራው ወገን ብቻ ነው። በየገበያው ቀን ማለዳ በርጩማቸውን አውጥተው ከታሸገው በር ፊት ይቀመጡና ለሚመጣው ሁሉ ራሳቸው ይነግራሉ። ዘይነባ ትንገርልዎ ቢባሉ እምቢ አሉ።

አንድ ቀን አብሬያቸው ነበርሁ። አዳሙ የሚባል፣ የልጁን ሠርግ ለጥር የቆረጠ ገበሬ ሁለት አህያ እየነዳ መጣ። በሩን አየ፤ ወረቀቱን አየ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ምን ሆነ፣ ሐጂ?»

«ታሽጎ ነው፣ አዳሙ። ጤፍህ አለ። አልጠፋም።»

«ኧረ እኔ እርስዎን ተጠራጥሬ አይደለም።»

«ተጠራጠር። ብትጠራጠር ይሻለኝ ነበር።»

 አዳሙ አህዮቹን አየ። «ሠርጉ ደርሷል፤ እንግዳ ተጠርቷል» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። ከዚያ ደንገጥ ብሎ «ግድ የለም፣ ግድ የለም፣ ሐጂ፤ ከዘመድ እንበደራለን» አለና ሁለቱን ባዶ አህዮች መልሶ ነዳ።

እኔ ያን ጊዜ የመሰለኝን ተናገርሁ። «ሐጂ፣ ገንዘብ አያጡም። በጤፉ ልክ ገዝተው ይስጡት። ልጁም ይዳር፤ እርስዎም ይረፉ።»

 ሐጂ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ያን የማውቀውን ነገር ሊያደርጉ፤ ነገር ግን መሃል ላይ ተዉትና ጉልበታቸው ላይ ጣሉት።

«ዋጋውን ከሰጠሁት ጤፉ የኔ ሆነ ማለት ነው። ገዛሁት ማለት ነው። ያኔ በር ላይ የለጠፉት ወረቀት እውነት ይሆናል።»

ትክክል ነበሩ። በሕግም በሂሳብም ትክክል ነበሩ። አንድ ጆንያ ቢከፍሉ ክሱን በገዛ እጃቸው ያጸናሉ፤ ካልከፈሉ ሰው አምኖ የሰጣቸውን ይነጥቃሉ። ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ አላገኘሁም። ሦስተኛ መንገድ መፈለግ ሙያዬ ነው።

በእሽጉ ላይ የቀረበውን ይግባኝ የጻፍሁት እኔ ነኝ። አደራ ምን እንደሆነ፣ ለምን ገቢ እንዳልሆነ፣ ዜሮ ለምን እንደተሞላ በሚገባ አብራርቻለሁ። የአደራው ባለቤቶች መጥተው መስክረዋል። የይግባኝ ኮሚቴው ሰብሳቢ በጨዋነት ተቀብሎ አነጋገረኝ።

«ዶክተር፣ ሐጂን ሞጣ ውስጥ የማያውቃቸው የለም። እኔም አውቃቸዋለሁ። ግን እኛ የምናየው መዝገቡን ነው፤ መዝገቡ ሽያጭ ይላል። ሶፍትዌሩን የሸጠው ድርጅት ‹አደራ በዜሮ እንዲሞላ ያዘዝነው እኛ ነን› ብሎ ይጻፍልን። ያን ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው።»

ድርጅቱ ዘንድ ደወልሁ። ወጣቱ ሥራ ለቋል። «ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈናል» ተባልሁ። ጻፍሁ፤ «ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ፣ ሌላ ግን አልመጣም። አዲስ አበባ ሄድሁ። አንድ ኃላፊ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ ውኃ አስመጣልኝ።

«ሁኔታው ያሳዝናል፣ ዶክተር። ግን በስልክ ለተነገረ ነገር ደብዳቤ አንሰጥም።»

«ሠራተኛችሁ አላለም ነው የምትሉት?»

«አላለም አላልንም።»

«ብሏል ነው?»

«ብሏልም አላልንም።»

ውኃውን ሳልጠጣ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሞጣ ስሄድ ሐጂ ምን ተገኘ ብለው አይጠይቁኝም ነበር። ስለ መንገዱ፣ ስለ አባቴ መቃብር፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል። ያለመጠየቃቸው ለእኔ ሲሉ መሆኑ ይገባኝ ነበር፤ ስለዚህም ከምንም በላይ ከበደኝ።

የገደላቸው እሽጉ ነው አልልም። የስኳር በሽታ ነበረባቸው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። በማስረጃ የማልደግፈውን አልጽፍም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ በሩ ከታሸገበት ቀን እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ አንድም አደራ መመለስ አልቻሉም፤ ያንንም እያወቁ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከመስጊዱ ሰው ጋር የገጠሩ ገበሬዎችም መጥተው ነበር። አዳሙም ነበር። ልጁ እንደተዳረ ነገረኝ። ጤፉን ከየት እንዳገኘ አልጠየቅሁትም።

አሁን ክሱ በሟች ስም ቀጥሏል። ዘይነባ ወራሽ ናትና ትከሰሳለች። የይግባኝ ኮሚቴው ለመጨረሻ ጊዜ የሚሰበሰበው በመጪው ግንቦት ፳ ቀን ነው። ያን ቀን ይግባኙን ካልተቀበለ መጋዘኑ ይወረሳል፤ በውስጡ ያለውም ሁሉ የሐጂ ኢድሪስ ንብረት ተብሎ በጨረታ ይሸጣል። የሌሎች ሰዎች ጤፍ፣ ባለቤቶቹ ያሰሩት ቋጠሮ ሳይፈታ፣ ነጋዴው ደብቆ የያዘው ሸቀጥ ተብሎ ይጠራል።

ስለዚህ ድርጅቱን በአደባባይ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ሠራተኛችሁ ለዘይነባ ኢድሪስ፣ አደራ ሲገባ ግዢ፣ ሲወጣ ሽያጭ ተብሎ ዋጋው ዜሮ ይሞላ ብሎ ነግሯታል ወይስ አልነገራትም? መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚል አንድ ቃል ይሁን፤ ማኅተማችሁ ይረፍበት፤ ከግንቦት ፳ በፊትም ሞጣ ኮሚቴው ዘንድ ይድረስ። የሐዘን መግለጫ አልጠየቅሁም። ማብራሪያም አልጠየቅሁም። «አይደለም» ብትሉ እንኳ ጻፉት፤ ቢያንስ የምንከራከረው ሰው ይኖረናል።